ስለ ፈትል፤ መልካም ክር እንዴት እንደሚመረጥ

ልጆች ሆይ፥ ዛሬ ጧት ወደ ትምህርት ቤት ስትመጡ ምን ለብሳችሁ መጣችሁ? ከእናንተ አንዱ ሹራብ ለብሷል፤ አንዲቱ ነጠላ ለብሳለች፤ ሌላውን ደግሞ እናቱ ስለ ብርዱ አሮጌ ጋቢ ደርባለታለች። ልብሱ ልዩ ልዩ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም በመጀመሪያ አንድ ነገር ነበረ፤ ይኸውም ክር ነው። ልብስን የሚያይ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመለከተው ቀለሙንና ጥለቱን ነው፤ ክሩን የሚያስተውል ግን ጥቂት ነው። ሆኖም ልብስ ቶሎ የሚያልቀው ወይም ብዙ ዘመን የሚኖረው፥ የሚያሞቀው ወይም የማያሞቀው ከክሩ የተነሣ ነው። ስለዚህ በዛሬው ምንባብ ክር ከምን እንደሚሠራ፥ ለየትኛው ሥራ የትኛው ክር እንደሚስማማ፥ መልካሙም ከክፉው እንዴት እንደሚለይ እንማራለን።

1ኛ፤ ጥጥ እንዴት ክር እንደሚሆን

ፉሪ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ ያለ አገር ነው። ዛሬ እንደ ሰበታ፥ እንደ ቡራዩና እንደ ሱሉልታ ሁሉ በሸገር ከተማ ውስጥ ይቈጠራል። በአጠገቡ የፉሪ ተራራ ቆሟል፤ ከፍታውም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ይበልጣል። አገሩ ደጋ ስለ ሆነ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ይልቁንም በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡና ጉሙ ሲመጣ ጋቢ የሌለው ሰው ይንቀጠቀጣል። እንግዲህ ጋቢ የሚወደድበት አገር ነው፤ ነገር ግን ጋቢ የሚሠራበት ጥጥ በዚያ አይበቅልም። ጥጥ ሙቀትን ይወዳልና የሚበቅለው በቈላ ነው፤ በአዋሽ ሸለቆ፥ በሑመራና በመተማ፥ በጋምቤላ፥ በአርባ ምንጭና በኦሞ አካባቢ ይዘራል። የቈላው ፀሐይ ያበቀለውን የደጋው ሰው ይለብሰዋል። በኦሮምኛ ጥጥ ጅርቢ ይባላል፤ በፉሪ ሁለቱም ቋንቋ ይነገራልና ሁለቱን ስም ዕወቁ።

በአገራችን ጥጥን መፍተል እጅግ የቈየ ጥበብ ነው። በአክሱም ከመሬት ተቈፍረው ከወጡት ዕቃዎች መካከል የእንዝርት መዘውሮች ተገኝተዋል። በ4ኛው መቶ ዓመት የነገሠው ንጉሡ ኢዛናም በድንጋይ ላይ ባስጻፈው ታሪክ፥ በኖባ ዘመቻው የጠላቶቹን የእህልና የጥጥ ጎተራ እንዳጠፋ ይናገራል። ከዚህም ጥጥ በዚያ ዘመን እንደ እህል የከበረ ሀብት እንደ ነበረ እናስተውላለን።

አሁን ሥራውን በተራ እንመልከት። ጥጡ ሲለቀም ከፍሬው ጋር እንደ ተጣበቀ ነው። ሴቲቱ በመጀመሪያ ጥጡን በፀሐይ ታሰጣዋለች። ከዚያ በኋላ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አድርጋ በብረት መዳመጫ ትዳምጠዋለች፤ ብረቱ ሲንከባለል ፍሬው ከጥጡ ይለያል። ቀጥላ በደጋን ትነድፈዋለች፤ የደጋኑ ጅማት እየተንቀጠቀጠ ጥጡን ያፍታታዋል፤ ቈሻሻውም ይራገፋል። ይህ የተነደፈ ጥጥ ባዘቶ ይባላል፤ ንጣቱና ልስላሴው ለምሳሌ የሚነገር ነው። ባዘቶውን በእጅዋ ጠቅልላ እንደ ሻማ የረዘመ አመልማሎ ታደርገዋለች። በመጨረሻም አመልማሎውን በአንድ እጅዋ ይዛ፥ በሁለተኛው እጅዋ እንዝርቱን በጭንዋ ላይ ታሾረዋለች፤ እንዝርቱ ሲዞር ጥጡ እየተሳበና እየተገመደ ክር ይሆናል። በእንዝርቱ ላይ የተጠቀለለው ክር ልቃቂት ይባላል።

እስቲ አንድ ነገር እንጠይቅ። አንዲት የጥጥ ጠጕር ርዝመትዋ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ሕፃን እንኳ ያለ ድካም ይበጥሳታል። ታዲያ ሸማ የሚያህል ረጅም ነገር ከእርስዋ እንዴት ይወጣል? ምክንያቱ ግምዱ ነው። ጠጕሮቹ አንዱ ባንዱ ላይ ሲጠመዘዙ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ አንዱ ሊሾልክ ቢወድ ባልንጀሮቹ ይይዙታል። ክሩንም አጥብቀን በሳብነው መጠን ይበልጥ ይጨባበጣሉ። አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት ምሳሌ በእንዝርት ላይ በየቀኑ ይታያል።

2ኛ፤ ድርና ማግ

ሸማኔው እግሩን በጕድጓድ ውስጥ አድርጎ በሚቀመጥበት ዕቃ ላይ ሁለት ዐይነት ክር ታያላችሁ። በቁመት የተወጠረው ድር ይባላል፤ በመወርወሪያው ውስጥ ገብቶ በድሩ መካከል ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰው ማግ ይባላል። ሁለቱ ተባብረው አንድ ሸማ ይሆናሉ፤ ሥራቸው ግን አንድ አይደለም።

ድሩ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ እንደ ተወጠረ ይኖራል። ሸማኔው እግሩን ባነሣና ባወረደ ቍጥር ይሳባል፤ ማጉም ወደ ቦታው በተመታ ቍጥር ይፋተጋል። ስለዚህ ለድር የሚመረጠው ክር ጠንካራ፥ ግምዱ የጠበቀ፥ ውፍረቱም ከዳር እስከ ዳር እኩል የሆነ ነው። ማግ ግን እንደ ድር አይወጠርም። ስለዚህ ግምዱ ላላ ያለ፥ ለስላሳና ወፈር ያለ ሊሆን ይችላል፤ በድሩ መካከል ያለውን ባዶ ስፍራ ሞልቶ ሙቀትን የሚይዝ እርሱ ነው። በድርና በማግ ሁሉ የጠበቀ ክር ብቻ ቢገባ ሸማው ይሻክራል፤ ላላ ያለ ክር ብቻ ቢገባም ቶሎ ይበጣጠሳል። ስለዚህ በዘመናችን ብዙ ሸማኔዎች ድሩን ከፋብሪካ ክር፥ ማጉን ከእጅ ፈትል ያደርጋሉ።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የታወቀ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1764 ገደማ ጄምስ ሃርግሪቭስ የሚባል ሸማኔ አንድ ሰው ብዙ እንዝርት በአንድ ጊዜ የሚያዞርበት መኪና አወጣ፤ ስሙም ስፒኒንግ ጄኒ ተባለ። ሰዎችም እጅግ ተደነቁ። ነገር ግን የዚህ መኪና ክር ላላ ያለ ነበረና ለማግ እንጂ ለድር አይበቃም ነበር። በ1769 ሪቻርድ አርክራይት ኋላ በውኃ ኀይል የዞረ ሌላ መኪና አወጣ፤ የእርሱ ክር ጠንካራ ስለ ነበረ ለድር ሆነ። በ1779 ደግሞ ሳሙኤል ክሮምተን የሁለቱን ጥበብ አንድ አድርጎ ቀጭንም ጠንካራም የሆነ ክር አወጣ። የፉሪ ፈታይ በእጅዋ የምታውቀውን፥ የእንግሊዝ ብልኃተኞች በመኪና እስኪያገኙት ድረስ 15 ዓመት ያህል ደከሙ።

በኢትዮጵያም ፋብሪካ ከገባ ብዙ ዘመን ሆኗል። የድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1939 ተቋቋመ፤ የባሕር ዳሩ በ1961 ሥራ ጀመረ። ለፉሪ በሚቀርበው በሰበታ አካባቢ በዓለም ገና ደግሞ አይካ አዲስ የተባለው ፋብሪካ በ2010 ተመረቀ፤ ጥጥን ከመፍተል ጀምሮ ልብስ እስከ መስፋት ድረስ ያለውን ሥራ በአንድ ግቢ ለመሥራት የቆመ ነበረ። ፋብሪካ ግን እንዝርትን አላጠፋም። በአዲስ አበባ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ ባለው በሽሮ ሜዳና በጉለሌ፥ ከጋሞ ደጋ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው የእጅ ፈትል ዛሬም ይገዛሉ፤ ሰውም የእጅ ፈትል ለሆነ ሸማ ተጨማሪ ዋጋ ይከፍላል።

3ኛ፤ የክር ዐይነትና ሥራው

«የምወደው ክር ይህ ነው» ብሎ መናገር ቀላል ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ «ለምን ሥራ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። «ሸማ በየፈርጁ ይለበሳል» እንደ ተባለው፥ ክርም በየፈርጁ ይመረጣል።

የጥጥ ክር ላብን ይጠጣል፤ ሰውነትን አይበላም፤ ውኃ ሲነካው ደግሞ ከደረቁ ይልቅ ይጠነክራል። ስለዚህ ቢታጠብና ቢታሽ ይታገሣል። ለነጠላ ቀጭን ፈትል ይመረጣል፤ ነጠላ ስስና ቀላል መሆን ይገባዋልና። ለጋቢ ወፈር ያለ ፈትል ይመረጣል፤ ጋቢም አራት ድርብ ሆኖ ስለሚሠራ በድርቦቹ መካከል አየር ይይዛል፤ ያ አየር ብርድን ይከለክላል። ቡሉኮ ከጋቢ ይልቅ ይወፍራል፤ ለመኝታም ይሆናል። በኪሮሽ ለሚሠራ ዳንቴልም የሚሻለው ግምዱ የጠበቀ ቀጭን የጥጥ ክር ነው፤ ግምዱ ላላ ከሆነ ኪሮሹ ክሩን ይሰነጥቀዋል፤ የአበባውም ቅርጽ አይታይም።

የበግ ጠጕር ክር፥ ማለት ሱፍ፥ እንደ ጥጥ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ጠጕሩ የተጠቀለለ ስለ ሆነ በውስጡ ብዙ አየር ይይዛል። ሲስቡት ይለጠጣል፤ ሲለቁት ይመለሳል። ጥቂት ቢርስም እንኳ ማሞቁን አይተውም። ስለዚህ ለሹራብ፥ ለባርኔጣና ለእግር ሹራብ ከሁሉ ይበልጣል። በመንዝ ሴቶች የበግ ጠጕር ይፈትላሉ፤ ከእርሱም ዝተትና ባና የሚባሉት የብርድ ልብሶች ይሠራሉ፤ ጥቁሩም በርኖስ ከበግ ጠጕር ነው። ነገር ግን ሱፍን በሞቀ ውኃ አጥቦ ማሸት አይገባም፤ ጠጕሮቹ እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው ልብሱ ይኰማተራል፤ የአባት ሹራብ ለልጅ ይሆናል።

ሐር ቀጭን፥ ጠንካራና የሚያበራ ክር ነው፤ የሚያወጣውም ትል ነው። በአገራችን የጉሎ ቅጠል የሚበላው የሐር ትል ይረባል። ሐር ዋጋው ውድ ስለ ሆነ ለጥለትና ለጌጥ እንጂ ለዘወትር ልብስ አይመረጥም።

ሰው የሠራው ክር ደግሞ አለ። አንዱ ዐይነት ከእንጨት ይወጣል፤ እንደ ሐር ያብረቀርቃል፤ ነገር ግን ሲርስ ኀይሉ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሲታጠብ በቀስታ መያዝ ያስፈልገዋል። ሌላው ከነዳጅ ዘይት ይወጣል፤ ዋጋው ርካሽ፥ ቀለሙም ደማቅ ነው፤ ብል አይበላውም። ነገር ግን ላብን አይጠጣም፤ እሳት ሲነካውም ይቀልጣል። ስለዚህ በእሳት ዳር ለምታበስል እናት እንዲህ ያለውን ሻርፕ መስጠት አይገባም። ሁሉም ጥቅም አለው፤ ሁሉም ጕድለት አለው፤ ብልኅ ሰው ሁለቱን አውቆ ይመርጣል።

4ኛ፤ ክርን ስለ መፈተን

ክር ከመግዛታችሁ በፊት በዚህ ሥርዐት ፈትኑት።

መጀመሪያ ክሩን በጥቁር ጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ ተመልከቱ። አንዳንዱ ስፍራ እንደ ገመድ ወፍሮ፥ አንዳንዱ ስፍራ እንደ ሸረሪት ድር ከቀጠነ፥ በቀጭኑ በኩል ይበጠሳል። የክር ኀይል የሚለካው በወፍራሙ ስፍራ ሳይሆን በቀጭኑ ስፍራ ነው።

ሁለተኛ አንድ ክንድ ያህል ይዛችሁ ሳቡት። መልካም ክር ከተበጠሰ እንኳ ታግሎ ቀጭ ብሎ ይበጠሳል፤ ግምዱ ያነሰው ግን ድምፅ ሳያሰማ እየሾለከ ይለያያል።

ሦስተኛ ክሩን አላልታችሁ ያዙት። በራሱ ላይ ተጠማዝዞ የሚቋጠር ከሆነ ግምዱ በዝቷል፤ ለሹራብ ብትሠሩበት ሹራቡ ወዳንድ ወገን ይጣመማል።

አራተኛ ባለ ቀለም ክር ከሆነ በውኃ አርሳችሁ በነጭ ጨርቅ እሹት። ጨርቁ ከቀላ ወይም ከጠቈረ፥ ያ ቀለም ነገ ነጩን ሸማ ያበላሸዋል። ደግሞ ለአንድ ሥራ የሚበቃውን ክር ሁሉ ባንድ ቀን ግዙ፤ በሁለት ጊዜ የተነከረ ክር አንድ ቀለም ቢመስልም በፀሐይ ሲታይ ይለያልና፥ ከሹራቡ አንዱ እጅጌ ከሌላው ይደምቃል።

አምስተኛ ክሩ ጥጥ ወይም ሱፍ መሆኑን ለማወቅ የምትወዱ እንደ ሆነ፥ ትልቅ ሰው በተገኘበት ጥቂቱን በሳሕን ላይ አቃጥሉ፤ ብቻችሁን ግን ከቶ አታድርጉት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፤ ለስላሳ አመድም ይሆናል። ሱፍ እንደ ተቃጠለ ጠጕር ይሸታል። ከነዳጅ ዘይት የተሠራው ግን ቀልጦ እንደ ጠጠር የጠነከረ ነገር ይሆናል።

ስድስተኛውና የመጨረሻው ይህ ነው፤ ልቃቂትን ከላዩ ብቻ አትዩ፤ ልቡን እዩ። የዚህንም ምክንያት የሚከተለው ታሪክ ያስረዳችኋል።

5ኛ፤ የልቃቂቱ ልብ

በፉሪ አንዲት ልጅ ከአያትዋ ጋር ትኖር ነበር። አያትዮዋ ፈትል እየፈተሉ ለአንድ ሸማኔ ይሸጡ ነበር፤ ቤታቸውም የሚተዳደረው በዚያ ነበር። ዕድሜያቸው እየገፋ ዐይናቸው በደከመ ጊዜ ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትፈትልላቸው ጀመር፤ እጅዋም ቶሎ ለመደ።

ሰኔ በገባ ጊዜ ሸማኔው አንድ ጋቢ እንዲሠሩ ታዘዙ። ጋቢው በክረምት ለምትወልድ ለአንዲት ጎረቤት ነበረ፤ ያዘዘውም ባልዋ ነው፤ ድሩም ማጉም የእጅ ፈትል እንዲሆን ለመነ። ሸማኔው ፈትሉን ከሦስት ቤት ገዙ፤ አንዱ የልጅቱ አያት ቤት ነው፤ አንዱ የአንዲት ባልቴት ቤት ነው፤ ሦስተኛው የሌላ ፈታይ ቤት ነው።

በዚያን ወራት ልጅቱ ዳንቴል መሥራት ተምራ ነበር፤ በገበያም አንድ ቀይ የዳንቴል ክር አይታ ልብዋ ተመኘው። «ፈትሉን ቶሎ ብጨርስ ገንዘቡን ቶሎ አገኛለሁ» ብላ ዐሰበች። ስለዚህ ጥጡን በደንብ ሳትነድፍ፥ ግምዱንም ሳታጠብቅ እየተቻኰለች ፈተለች። ሥራዋ ክፉ እንደ ሆነ ራስዋ ታውቅ ነበር፤ ስለዚህ ላላውን ክር በልቃቂቱ ውስጥ አደረገችና ከላይ መልካም ፈትል ጠቀለለችበት። አያትዮዋ በእጃቸው ዳስሰው «ለስላሳ ነው፥ ልጄ፤ እጅሽ ይባረክ» አሉ። ሸማኔውም አምነው ገዙ፤ ቀዩም ክር ተገዛ።

ሸማኔው ድሩን ወጥረው ሥራ በጀመሩ በሦስተኛው ቀን ድሩ ይበጠስ ጀመር። አንዱን ሲቀጥሉ ሌላው ይበጠሳል፤ ያንን ሲቀጥሉ ሦስተኛው ይሾልካል። በሦስት ቀን የሚያልቀው ሥራ ሳምንት አለፈው። እርሳቸውም የሦስት ልጆች አባት ነበሩ፤ የሚበሉትም የሠሩትን ሲያስረክቡ ነበር። የክፉው ፈትል ባለቤት ማን እንደ ሆነች ሊያውቁ አልቻሉም፤ ነገር ግን «የባልቴቲቱ እጅ አርጅቷል፤ የእርስዋ መሆን አለበት» ብለው ጠረጠሩ፤ ባልቴቲቱንም «ከእንግዲህ ፈትል አልገዛሽም» አልዋት። ባልቴቲቱ ግን ሌላ ገቢ አልነበራትም።

ልጅቱ ይህን በውኃ መቅጃ ሰማች። እንስራዋን ተሸክማ ወደ ቤትዋ ስትመለስ እግርዋ ከበዳት። በዚያች ሌሊት ዳንቴሉን አነሣች፤ ቀዩ ክር ግን እንደ ቀድሞው አላስደሰታትም። በልብዋ፥ «ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም» ትላለች፤ ደግሞም፥ «ዝም ብል ባልቴቲቱ ምን ትበላለች?» ትላለች። እንዲህ እያለች ሳትተኛ ነጋ።

ጧት ተነሥታ ወደ ሸማኔው ቤት ሄደችና በደጅ ቆመች። «አባባ፥ ክፉው ፈትል የኔ ነው። ከላይ መልካሙን ጠቅልዬ አታለልሁዎ። አያቴ አያውቁም፤ ባልቴቲቱም ምንም አላደረጉም» አለች።

ሸማኔው መወርወሪያቸውን አስቀመጡ፤ ለጥቂት ጊዜም ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ፥ «ልጄ፥ ልቃቂቱን በጅሽ ነበረ የደበቅሽው፤ ክር ግን ምስጢር አይጠብቅም። ሲወጠር ሁሉንም ይናገራል። ባትመጪ ኖሮ የኔ ኪሣራ ባለፈ ነበር፤ በባልቴቲቱ ላይ የሠራሁት በደል ግን ባላለፈ ነበር። አሁን ነዪ፥ የተበላሸውን አብረን እንለየው» አሉ።

ልጅቱ ላላውን ፈትል ለይታ በምትኩ ሌላ ጥጥ ዳምጣ፥ ነድፋና ፈትላ እስክትመልስ ድረስ ዐሥር ቀን ያህል ፈጀባት። ሸማኔው ወደ ባልቴቲቱ ሄደው ይቅርታ ለመኑ፤ ፈትልዋንም እንደ ቀድሞው ገዙ። ጋቢው ግን አልደረሰም፤ ሕፃኑ በሐምሌ ዝናብ ተወለደ፤ እናቲቱም በተውሶ ጋቢ ዐሥር ሌሊት ዐደረች። ልጅቱ በቀዩ ክር ጀምራ የነበረውን ዳንቴል ትታ ለሕፃኑ ትንሽ ባርኔጣ ሠራችለት። ስለዚህም ማንም አላመሰገናትም፤ እርስዋም ምስጋና አልጠበቀችም።

ከዚያም በኋላ ብዙ ወራት ሸማኔው ከዚያ ቤት የሚመጣውን ልቃቂት ሁሉ እስከ ልቡ ፈትተው ያዩ ነበር። ልጅቱም ሲፈቱት ቆማ ታያለች፤ ታፍራለችም፤ ነገር ግን አልተቈጣችም። በዓመቱ በሰኔ ወር አንድ ቀን ልቃቂቶቹን ባመጣች ጊዜ ሸማኔው በእጃቸው መዘኑና ሳይፈቱ በመሶባቸው ውስጥ አኖሩት። ልጅቱም ወደ ቤትዋ እየሮጠች ገባችና፥ «እማማ፥ ዛሬ አልፈቱትም!» አለች።

ልጆች ሆይ፥ ከዚህ ምንባብ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛው ስለ ክር ነው፤ የሚያምረውን ሳይሆን ለሥራው የሚስማማውን ምረጡ፤ ከመግዛታችሁም በፊት ፈትኑ። ሁለተኛው ስለ ራሳችሁ ነው፤ በማንም ዐይን የማይታየውን ሥራ በሁሉ ዐይን እንደሚታይ አድርጋችሁ ሥሩ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ተብሏልና፥ ሰው ያላየው የልቃቂት ልብ ሲወጠር ይታያል። የጠፋ ፈትል በዐሥር ቀን ይፈተላል፤ የጠፋ መታመን ግን ዓመት ያስፈልገዋል።

ጥያቄ

1. ጥጥ በፉሪ የማይበቅለው ለምንድር ነው?
2. ባዘቶ፥ አመልማሎና ልቃቂት ልዩነታቸው ምንድር ነው?
3. ለድር የሚመረጠው ክር እንዴት ያለ ነው? ለማግስ?
4. የሱፍ ሹራብ በሞቀ ውኃ ታጥቦ ቢታሽ ምን ይሆናል?
5. ልጅቱ ዝም ብትል ኖሮ የሚጐዳው ማን ነበር?
6. ሸማኔው በመጨረሻ ልቃቂቱን ሳይፈቱት ያስቀመጡት ለምንድር ነው?